አደጋ ሲደርስ ብሩን በየት በኩል እንላክ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባል ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደ። የመጀመሪያው ናዳ ቤቱን ከነሰዉ ቀበረ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ደረሰ። ጭቃውን በእጁና በአካፋ እየዛቀ ሳለ ሌላ ናዳ መጣና አውጪዎቹንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የመጡ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ስልኬ ላይ የሚገባው ሁሉ የሂሳብ ቁጥር ሆነ። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ፣ የሰፈር ግሩፕ፣ የአብሮ አደጎች ግሩፕ። አንድ ማታ ያንኑ ፖስተር ሁለት ቦታ አየሁት። ፎቶው አንድ ነው። ጽሑፉ አንድ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ሻማ እንኳ አንድ ናት። የሂሳብ ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዞች ግን አይገጥሙም። ሁለቱንም በየተራ የባንኩ መተግበሪያ ላይ አስገባኋቸው። የመጀመሪያው የኮሚቴ ስም አመጣ። ሁለተኛው የአንድ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ አመጣ። የለጠፈውን ልጅ በውስጥ መስመር ጠየቅኩት። «እኔም ሼር ተደርጎልኝ ነው» አለኝ። ከፖስተሩ ስር ሦስት ሰዎች «ልኬያለሁ፣ ነፍስ ይማር» ብለው ጽፈዋል።

ይህን የምጽፈው እነዚያን ሦስት ሰዎች እያሰብኩ ነው።

«ለፈጣሪ ብዬ ሰጥቻለሁ፤ የበላውም ከሱ ያግኘው» የሚል ሰው ብዙ ነው። እናቴም እንዲህ ትላለች። በዚህ ግን አልስማማም። ደጀ ሰላም ለተቀመጠ ነዳይ ስትሰጡ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ለናዳ፣ ለጎርፍ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚላክ ብር ግን መንገድ ላይ ያለ አደራ ነው። ባለቤቷ ድንኳን የምትጠብቅ እናት ናት። ሌላ ሰው ቢበላው የጎደለው ከእኔ ኪስ ብቻ አይደለም፤ ከእሷም ነው። ስለዚህ መጠየቅ ንፍገት አይደለም። ለእሷ መቆርቆር ነው።

አማራጮቹን ሳወዳድር ሁሌም ከአንድ ጥያቄ እነሳለሁ። ሂሳቡ የተከፈተው በማን ስም ነው? ፍጥነቱም፣ የአገልግሎት ክፍያውም፣ ደረሰኙም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሙ የታወቀ ሰው ወይም ድርጅት ነገ ይጠየቃል። ስሙ ያልታወቀ አይጠየቅም።

የግለሰብ ሂሳብ

ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው። አደጋው በደረሰበት አካባቢ ዘመድ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም በደንብ የምታውቁት መምህር ካላችሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የሚሻል መንገድ አላየሁም። ዛሬ ማታ የላካችሁት ነገ ጠዋት ዱቄት ይሆናል፣ ብርድ ልብስ ይሆናል። ደውላችሁ «ደረሰ?» ማለት ትችላላችሁ። ድምፁን ታውቁታላችሁ።

ችግሩ የማታውቁት ሰው ሲሆን ነው። ተከታዩ ብዙ ነው፣ ቪዲዮ ላይ አይተነዋል ማለት እናውቀዋለን ማለት አይደለም። ሰውየው ቅን ይሁን እንበል። ያም ሆኖ የሕዝብ ብር በግል ሂሳቡ ሲገባ ከደመወዙ ጋር ይቀላቀላል። ሂሳቡ ቢታገድ ብሩም ይታገዳል። እሱ ቢሞት ብሩ የወራሾች ክርክር ይሆናል። ሌባ ባይሆንም አሠራሩ ለአደራ አይመችም።

ሌባ ሲሆን ደግሞ ምልክቶች አሉት። ይቸኩላል፤ «ዛሬ ማታ ካልተከፈለ» ይላል። ኮሜንት ይዘጋል። የሂሳብ ቁጥሩን ፎቶው ላይ ይጽፈዋል እንጂ የሂሳቡን ባለቤት ስም አይጽፍም። ፎቶውም ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት ነው። ፎቶውን በጉግል ሌንስ መፈለግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ መቼና የት እንደወጣ ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ ጨርሶ ያልተነሣ ፎቶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2023 ቱርክና ሶሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርሱ፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፍርስራሽ መሀል ሕፃን አቅፎ የሚያሳይ ምስል እርዳታ ለመለመን ተለጠፈ። አንጀት ይበላል። ቢቢሲ ሲያጣራ ምስሉ በኮምፒውተር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የሰውየው ቀኝ እጅ ስድስት ጣት ነበረው። ብሩ ላኩ የተባለው ደግሞ ወደ ክሪፕቶ፣ ማለትም ባንክ ወደማያውቀው የኢንተርኔት ገንዘብ አድራሻ ነበር። ዛሬ እነዚህ ምስሎች ጣታቸውን አስተካክለዋል። ስለዚህ ጣት ቆጥሮ መለየት አይበቃም። የሚያዋጣው ሂሳቡን መመርመር ነው።

የኮሚቴ ሂሳብ፣ ዕድርና ቤተ እምነት

እኔ ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው። ዕድር ገንዘብ መያዝ የሚያውቅ ተቋም ነው። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ብር ሲወጣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ለአደጋ የሚቋቋም ኮሚቴም ይህንኑ ሥርዓት ከያዘ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ስለዚህ የኮሚቴ ጥሪ ሲደርሳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሂሳቡ በስንት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል? ብሩን እዚያ ሆኖ የሚረከበውስ ማን ነው? በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብና ቦታው ላይ የሚረከብ የታወቀ አካል ካለ፣ ከትልልቅ ድርጅቶች ያላነሰ እምነት እጥላለሁ። እነዚህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ኮሚቴ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ጥሩ ገንዘብ ያዥ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ደብተሩን ለማሳየት ምክንያት ያገኛል።

ድክመቱም አለ። ኮሚቴ ብር መሰብሰብ ይችላል እንጂ ድንኳን ማጓጓዝ፣ ውኃ ማጣራት፣ ቁስለኛ ማከም አይችልም። ሰው ሁሉ ሰኞ ዕለት ዱቄት ገዝቶ ቢሄድ ሐሙስ ላይ ዱቄት ተርፎ ሳሙና ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ድርጅት የሚበልጠው።

ቀይ መስቀልና ሌሎች የተመዘገቡ ድርጅቶች

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጣሊያን ሊወረን በደረሰበት በ1927 ዓ.ም. ነው። አምቡላንሱን በ907 የምንጠራው እሱን ነው። ጥቅሙ አደጋ ከመድረሱ በፊት ቦታው ላይ መኖሩ ነው። ቅርንጫፍ አለው፣ በጎ ፈቃደኛ አለው፣ መኪና አለው። ማን ምን እንደጎደለውም ይመዘግባል።

ሰው የሚያማርረው «ደመወዝ ይበሉበታል» ብሎ ነው። በሕጋችን ላይ ልጓም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። እኔ ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አላምንም። የመጋዘን ጠባቂና የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ብራችሁ የት እንደገባ ሊነግራችሁ አይችልም። የማታውቁትን ድርጅት ስም ስታዩ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ማጣራት ትችላላችሁ።

አጭበርባሪዎች የትልልቆቹን ስም እንደሚበደሩ አትርሱ። ስማቸውን አንድ ፊደል ቀይረው ገጽ ይከፍታሉ። የሂሳብ ቁጥሩን ከተላከላችሁ መልእክት ላይ አትውሰዱ። ራሳችሁ የድርጅቱን ድረ ገጽ ጽፋችሁ ግቡና ከዚያ ቅዱ፣ ወይም ቢሮው ደውሉ። ማጭበርበሩ አሜሪካም ሆነ እዚህ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ስታጠፋ በስሟ የሚለምኑ የውሸት ድረ ገጾች በብዛት ወጡ። በአደጋ ስም የሚፈጸም ማጭበርበርን የሚከታተል ብሔራዊ ማዕከል እዚያ የተቋቋመውም ያኔ ነው።

መንግሥት የሚከፍተው ሂሳብ

ዞን ወይም ክልል በራሱ ስም ሂሳብ ሲከፍት ባለቤቱ የታወቀ ነው። ብሩም ለኦዲት ተገዢ ነው። ለመልሶ ማቋቋም፣ ማለትም ለቤት፣ ለመንገድ፣ ሕዝቡን ከገደል ስር አንሥቶ ለማስፈር፣ ከሌሎቹ ይልቅ አቅም ያለው እሱ ነው። ዘገምተኛ ነው፤ የለገሰ ሰውም ብሩ ምን እንደሠራ እምብዛም አይሰማም። በማኅበራዊ ገጽ ላይ የወጣውን ቁጥር ሳይሆን በዞኑ ወይም በክልሉ ኮሙኒኬሽን ገጽ ላይ የወጣውን ተጠቀሙ።

ቲክቶክ ላይቭ

ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። ለአደጋ መስጠት ከፈለጋችሁ በላይቭ ስጦታ አትስጡ። በብር የተገዛ የአንበሳ ምስል ትልካላችሁ፣ ጽጌረዳ ትልካላችሁ፣ ስማችሁ ይጠራል፣ ደስ ይላል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 በሶሪያ መጠለያዎች ካሉ ቤተሰቦች የሚተላለፉ ልመናዎችን መርምሮ፣ ከስጦታው እስከ 70 በመቶ የሚደርሰውን ኩባንያው እንደሚወስድ ዘግቧል። ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ብሏል። ለክርክር የሚሆን ቁጥር ይሁን። ግማሹ እንኳ ቢሆን፣ የትኛውም ባንክ ለማስተላለፍ ግማሽ አይወስድም። የላይቩን ሰው ካመናችሁት የኮሚቴውን ሂሳብ ቁጥር ጠይቁትና በባንክ ላኩ።

ከውጭ አገር ለምትልኩ

ጎፈንድሚ የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ በዳያስፖራው ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ አይልም። ጎፈንድሚ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ አያወጣም። ገንዘቡን የሚያወጣው አገልግሎቱ በሚሠራበት አገር፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝ ወይም በመሰለው የሚኖር ሰው ነው። ከዚያ ጎፋ ድረስ ያለው መንገድ በሰውየው እጅ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ከእናንተ ወደ አገር ቤት በምን ይሄዳል?» የሚል ነው። «በሰው እንልካለን» ካሉ፣ ያ ብር የባንክ ደረሰኝ አይኖረውም። በኋላ ሪፖርት ሲጠየቁ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። በባንክ የሚልክ ኮሚቴ ደረሰኙን ገጹ ላይ መለጠፍ ይችላል።

ስለ ክፍያው፣ በአሜሪካ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከ50 ዶላር 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። ከስር ደግሞ ለድርጅቱ ጉርሻ የሚጠይቅ መስመር አለ። ግዴታ አይደለም፣ ወደ ዜሮ መጎተት ይቻላል። ጥሩ ጎኑ ዋስትናው ነው። ማጭበርበር ከተረጋገጠ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ገንዘባችሁን ይመልሳል። የቴሌግራም ፖስተር ይህ የለውም።

የተመዘገበ ድርጅት ለምትመርጡ፣ ማጣሪያው በየአገሩ አለ። በአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ የድርጅቶችን መዝገብ በነጻ ያስፈትሻል። እዚያ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት የሰጣችሁት ከግብር ሊቀነስ ይችላል። በግለሰብ ጎፈንድሚ የሰጣችሁት አይቀነስም። በእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑን መዝገብ እዩ፤ ግብር የምትከፍሉ ከሆነም «ጊፍት ኤይድ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ከእናንተ አንድ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። በስዊድን ቁጥጥር ያለበት ሂሳብ በ90 ይጀምራል፤ በስዊሽ፣ ማለትም በስልክ መክፈያቸው ሲሆን ደግሞ በ123 90። በእስራኤል ማኅበሩ ለለጋሹ የግብር ቅናሽ የሚያሰጠው የአንቀጽ 46 ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።

በክፍያ መንገዶች መሀል ልዩነት አለ። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁትን ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ እንዲመልስ መከራከር ትችላላችሁ። በዌስተርን ዩኒየን ለማታውቁት ሰው የላካችሁት፣ በክሪፕቶ ወይም በስጦታ ካርድ የሰጣችሁት አንዴ ከሄደ ሄደ። በስጦታ ካርድ እርዳታ የሚጠይቅ እውነተኛ ድርጅት የለም።

በዓረብ አገር ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች

ይህን ክፍል እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡት። ሌላው ቦታ ብር ነው የሚጠፋው፤ እዚህ ሰው ሊታሰር ይችላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ አይችልም። በማኅበራዊ ሚዲያ መሰብሰብም ይጨምራል። ቅጣቱ ከባድ የገንዘብ መቀጮና እስር ነው። ሳዑዲም ጥብቅ ናት፤ ወደ ውጭ የሚሄድ መዋጮ በንጉሥ ሳልማን የእርዳታ ማዕከል በኩል እንዲሆን ትፈልጋለች። ስለዚህ በዋትሳፕ ግሩፕ «ለጎፋ በእኔ ሂሳብ አስገቡ» ብሎ መጻፍ ቅን ልብ ያላትን ልጅ ችግር ውስጥ ሊከታት ይችላል። ለቤተሰባችሁ በሕጋዊ ሐዋላ መላክ ግን መብታችሁ ነው። እኔ የምመክረው ይኸው ነው። ለአገር ቤት እህታችሁ በስማችሁ ላኩ። እሷ እዚህ ሆና ለኮሚቴው ወይም ለቀይ መስቀል ታስገባ፣ ደረሰኙንም ትላክላችሁ።

«ላክ» ከመንካታችሁ በፊት

በሞባይል ባንኪንግም ሆነ በቴሌብር፣ ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ፒን ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ብዙ ሰው ያንን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል። እዚያ ላይ ቁሙ። ፖስተሩ ላይ ያለው ስምና እዚህ የመጣው ስም አንድ ነው? የድርጅት ጥሪ ሆኖ የሰው ስም ከመጣ አትላኩ። በቴሌብር ድርጅቶች የሚቀበሉት በአጭር ቁጥር ነው። በ09 ለሚጀምር ስልክ ላኩ ከተባላችሁ የምትልኩት ለግለሰብ ነው።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት መስጠት ለትንሽ ብር ምቹ ነው። ግን በየቀኑ የሚቆርጥ ይሁን አንዴ ብቻ፣ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ፒናችሁን ወይም በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ እውነተኛ እርዳታ አሰባሳቢ የለም። የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፤ ዝጉት።

ከላካችሁ በኋላ ጥርጣሬ ከገባችሁ አትፈሩ፣ አትዘግዩም። ለንግድ ባንክ 951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። የግብይት ቁጥሩን ያዙ። ብሩ ካልወጣ የማገድ ዕድል አለ። ፖስተሩን ያያችሁበት ግሩፕ ተመለሱና ጻፉበት። እኔ በዚያ ማታ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርጌ ስክሪንሾቱን ለጠፍኩት። አስተዳዳሪው ፖስተሩን አጠፋው። ከሦስቱ ሰዎች አንዷ በውስጥ መስመር ጽፋልኝ በማግስቱ ባንክ ሄደች።

ልብስና ዕቃ

ሰው ቁም ሳጥኑን አራግፎ ሲሰጥ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ብርን እመርጣለሁ። ልብሱን የሚለይ፣ የሚያስር፣ የሚጭን መኪና ያስፈልጋል። በዚያ ነዳጅ ዋጋ በጎፋ ዞን ከተማ በሳውላ ገበያ ላይ ስንት ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር? ከአካባቢው ነጋዴ ሲገዛ ደግሞ ገበያውም ይቆማል። ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ ተረካቢው በስም የጠየቀውን ብቻ ስጡ።

እኔ ብሆን

1,000 ብር ለመስጠት ካሰብኩ ለሁለት እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያውን 500 በዚያው ሳምንት ለቀይ መስቀል፣ ወይም እዚያው የማውቀው ሰው ካለ ለእሱ እልካለሁ። ሁለተኛውን አስቀምጣለሁ። በጎፋ ከቀብሩ በኋላ ከ15,000 በላይ ሰው ከአደጋው ተዳፋት ላይ መነሣት እንዳለበት ተነግሮ ነበር። ይህ ሥራ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ አይደለም፤ ፖስተሩ ግን በሁለት ሳምንት ይጠፋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ወሬው ቀዝቅዞም ድንኳኑ አልቀዘቀዘም።

ስለዚህ ስልኬ ላይ የሦስት ወር ማስታወሻ እሞላለሁ። ሲጮህ ለሰበሰቡት ኮሚቴዎች እደውላለሁ። «ስንት ተሰበሰበ? ስንት ወጣ? ማን ተረከበ?» እላለሁ። ሁለተኛው 500 ወረቀት ላሳየኝ ይሄዳል።